የተገራ ነፋስ

ሌዝብሪጅ ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም፣
በር አያንኳኳም፣ ደህና አደራችሁም አይልም።
የቆሻሻ በርሜል መንገድ ያሻግራል፣
ባዶ የጭነት መኪና በጎኑ ያጋድማል፣
የጎረቤቴን ባርኔጣ ዘንድሮ ብቻ ሦስቴ ወስዶበታል።

እኛ ደግሞ ምድር ቤት፣ ከእንጨት ሥራው ክፍል ጎን፣
በነፋስ አገር ላይ የነፋስ ዋሻ ከፈትን።

ማራገቢያው ድሮ እህል ማድረቂያ ነበረ፣
ከሚስተር ኒሺሙራ አጎት ጎተራ የመጣ፤
ሲነሳ ያስለዋል፤ መጀመሪያ ቀን
የስንዴ ገለባና አንዲት የደረቀች አይጥ ከሆዱ አወጣ።
መስኮቱ ከሆኪ ሜዳ አጥር የተነቀለ ነው፣
የዲስክ ጠባሳ ያለው።
አፉ ላይ ስትሮ ደረደርን፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ፣
በሙጫ ተጣብቆ፣ የንብ ቀፎ መስሎ፣
ጠማማው ነፋስ በዚያ ሲያልፍ እንዲቃና፣
እንደ ጠዋት ሰልፍ፣ ሳይገፋፋ፣ በዝግታ።

እኔ ጥገና ክፍል ነኝ፤ ስለ ክንፍ ብዙ አላውቅም፣
ብሎን ሲላላ ግን ድምፁ አያመልጠኝም።

ማርሊስ ክንፏን ይዛ መጣች፣
ከአረፋ የቆረጠችውን፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰችውን፣
በፎጣ የጠቀለለችውን።
ከላዩ ቀይ ክር ለጥፋለች፣ ጣት ጣት የሚያህል፣
ከገዛ ጓንቷ የተረተረችውን።

ኮልቢ ሚዛን ያነባል፤ የኩሽና ሚዛን ነው፣ ዱቄት የለመደ፤
ሃርፕሪት ትጽፋለች፣ እርሳሷ ከጆሮዋ እየወጣ እየወረደ።

«ዜሮ» አለ መምህሩ። ክሩ ሁሉ ተኛ፣ እንደተበጠረ ጸጉር።
«አራት።» ሚዛኑ ቀለለ።
«ስምንት።» አሁንም ቀለለ።
«ሊበር ነው!» አለ ኮልቢ፤ ድምፁ መሀል ላይ ሰለለ።
«አሥራ ሁለት።»
«አሥራ አምስት።»
ከኋላ ጥግ አንዱ ክር ቆመ፣ ጎረቤቱ ዞረ፣
ወሬ እንደሰማ ገበያ ሰልፉ ተሸበረ፤
ሚዛኑም ከበደ፤ ክንፉ ክንፍ መሆኑን ትቶ
ሳንቃ ሆኖ ቀረ።

ማንም አላስረዳ። «ድገሙት» አለ መምህሩ።
ደገሙ፣ ሠለሱ፤ አሥራ አምስት ላይ ያው ሁከት።
ነፋስ እስከ ልኩ ሲያጋድሉለት ይሸከማል፣
አንድ ዲግሪ ሲጨምሩበት ይቀየማል።

በአራተኛው ላይ፣ ከላይ አንድ ነገር ጓ አለና
መብራት ጠፋ። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ።
ደጅ ያለው ነፋስ ገመድ በጥሶ ነው፤
ያልተጋበዘው ዘመድ።

ልጆቹ ካፖርት ፍለጋ ሲደናበሩ
ማርሊስ የብሎን መፍቻ ከእጄ ወሰደች፣
ክንፉን ፈታች፣
ደረጃውን ወጣች።

የኋላውን በር ከኮልቢ ጋር በትከሻ ገፋነው።
ከመኪና ማቆሚያው ጫፍ፣ ከኦልድማን ወንዝ ሸለቆ አፋፍ፣
በሁለት እጇ ወደ ነፋሱ ዘረጋችው።
ክሮቹ አበዱ፤ ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ሰማይ፣
ዲግሪ የለ፣ ቁጥር አይታይ።
ሃርፕሪት ደብተሯን ከፈተች፤ ገጹን ነፋስ ገለጠው፣
ቀጣዩንም ገለጠው።

ከዚያ ለሦስት ሰከንድ፣ ምናልባት ለአራት፣
ነፋሱ ልብ ገዛ።
ክሩ ሁሉ ተኛ፣ አንድም ሳይቀር፣
ተረከዟ ከአስፋልቱ ለቀቀ።
አንድ ነገር ጮኸች፤ ግማሹን ነፋስ ነጠቃት፣
የተረፈው ግን እኔ ጆሮ የደረሰው በእኔ ቋንቋ ነው፦
«ያዘኝ!»
ኮልቢን መለመኗ ነው? ስለ ነፋሱ መንገሯ?
ኮልቢ አልጠየቀም፤ ካፖርቷን ጨበጠ።

መብራት ሲመለስ ማራገቢያው ብቻውን ተነሳ፣
ባዶ ዋሻ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ነፈሰ።

ማታ በር ስዘጋ ደብተሩን አየሁት።
ከአራቱ ረድፍ በታች
ሃርፕሪት «ደጅ» ብላ ጽፋለች፤
ከጎኑ ያለውን ሳጥን ባዶ ትታለች።